የትርንጎ የጾም በርገር

ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ የደግፌ ፊት አልፈታ ብሏል። ከመንገዱ ማዶ ትርንጎ የምትባል ሴት ባቄላ ቀቅላ፣ ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭታ፣ ጠፍጥፋ ትጠብስና በዳቦ መሃል ከታ ትሸጣለች። የሰፈሩ ጾመኛ ደጃፏ ላይ ተኮልኩሎ ይውላል።

ደግፌ አንድ ቀን ደሙ ፈልቶ መንገዱን ተሻገረ። ከአንዲት ደንበኛ እጅ በርገሩን ነጥቆ ገመጠ።

"ሥጋ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ የቆረጥኩ ሰው ነኝ፤ ጾመኛውን እያስገደፈችው ነው!"

"አፍዎን ይሰብስቡ!" አለች ትርንጎ መጥበሻዋን እንደያዘች። "ባቄላ ነው!"

"የበሬ ሥጋ ነው፤ ያውም ሽንጥ!"

ደንበኞቹ ተንጫጩ። አንዱ የጎረሰውን ተፋ፤ ሌላዋ ዳቦዋን ትርንጎ እግር ሥር ወረወረች። የደግፌ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ይሄኔ ነጠላ ያጣፉ አንዲት አሮጊት ወደ እሱ ዞሩ።

"ለመሆኑ ሽንጡን ከየት አመጣችው? በዚህ ሰፈር ካንተ በቀር ሥጋ ሻጭ የለም።"

"እኔማ ዘግቻለሁ!"

"በፊት በር ዘግቶ በጓሮ እየሸጠላት ነዋ!" አለ አንድ ጎልማሳ። "በሁዳዴ! ሲጣሉ ደግሞ አጋለጣት።"

ሰዉ ትርንጎን ትቶ ደግፌን ከበበው። ጎልማሳው ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

"ባቄላ ነው!" አለ ደግፌ እየተንተባተበ። "በልጆቼ እምላለሁ፣ ንጹሕ ባቄላ ነው! ትርንጎ፣ እባክሽ ንገሪያቸው!"

ትርንጎ መጥበሻዋን ዝቅ አድርጋ አስቀመጠች።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለች። "ሥጋ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"