የድሮው ማኅተም

የመብራትና የውሃ አገልግሎትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በአዋጅ ሲፈርስና በአዋጅ ሲቋቋም ይህ አራተኛው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የሕዝብ ቅሬታ ስትመዘግብ የኖረችው የመዝገብ ቤት ኃላፊ የስሙን መለዋወጥ ለምዳዋለች። የታከታት በየአዋጁ ለገዛ ወንበሯ እንደ አዲስ ማመልከት ነው።

"እትዬ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ይጎድላል" አላት የሰው ኃይል ሠራተኛው ፋይሏን እየመለሰላት።

"እዚሁ ፎቅ ላይ አይደል እንዴ ያረጀሁት? ያንተን የቅጥር ደብዳቤ መዝግቤ የሰጠሁህ እኔ አይደለሁም?"

"እሱማ አውቃለሁ። ግን አዲሱ መሥሪያ ቤት ገና ትናንት ነው የተቋቋመው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል ብሎ እንዴት ይጽፋል? ማስረጃውን የድሮውን ማኅተም አስመትተው ያምጡልኝ። እስከ ነገ ነው።"

መከራከሩን ተወችው። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ጣቶቿን አየቻቸው፤ ሐምራዊው ቀለም ገና አልለቀቀም።

ጠዋት የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ያንን ክብ ማኅተም ማን ይስበረው ሲባል መዶሻውን የተቀበለችው እሷ ነበረች። አንድ ምት ይበቃው ነበር። እሷ ግን አራት ጊዜ መታችው፤ ለእያንዳንዱ አዋጅ አንድ።