ዕድሜ ጠገብ ዓሣዎች

ፕሮፌሰሩ ሥነ ሕይወት ሲያስተምሩ ነው የሸበቱት። ተማሪዎቹ ከጀርባቸው «ዓሣው» ይሏቸዋል። ይሰማሉ፤ ቅር ግን አይላቸውም። ከሰው ይልቅ ከዓሣ ጋር ሲያወሩ የሚውሉ ሰው ታዲያ ምን ሊባሉ ኖሯል?

የምርምር ክፍላቸው ምድር ቤት ነው። ሁለት የመስታወት ገንዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዓሣዎቹ አውራ ጣት አያህሉም፤ ዕድሜያቸውም እንደ ቁመታቸው አጭር ነው፤ ዓመት ሳይሞላቸው አርጅተው ይሞታሉ። የቀኙ ገንዳ ዓሣዎች ተራ ምግብ ይበላሉ። በግራው ገንዳ ላይ ግን ፕሮፌሰሩ ከአንድ ዕፅ ሥር የጨመቁትን ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበታል። የቀኞቹ እንደ ወጉ ሞተው በሌላ ተተክተዋል። የግራዎቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን እያገባደዱ ነው።

ነገሩ የምርምር ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያንገበግባቸውም ነበር። ባለቤታቸው ታመዋል። በሽታው ቀስ እያለ የሚጨርስ ነው፤ ሐኪሞቹም መድኃኒት የለውም ብለው አሰናብተዋቸዋል። ፕሮፌሰሩ ሥሩን መጭመቅ የጀመሩት ያኔ ነው። ዓሣዎቹ ላይ ሞክረው ደህና ሲሆኑላቸው፣ ለባለቤታቸውም በውሃ እየበጠበጡ ጠዋትና ማታ ያጠጧቸው ጀመር።

«ዓሣዎችህ እንዴት አደሩ?» ይላሉ ባለቤታቸው ብርጭቆውን ከመቀበላቸው በፊት።

«ይፈነጫሉ።»

«እንግዲያው አምጣው» ይሉና ፊታቸውን አጨፍግገው ጭልጥ ያደርጉታል።

በዚህ ጊዜ የፕሮፌሰሩ ሆድ ይባባል። ዓሣዎቹ እስካሉ እሷም አለች፤ ለእሳቸው ሳይንሱ ይኸው ነው።

ዓሣዎቼን ይነካብኛል ብለው የሚጠረጥሩት ዶክተሯን ነበር። ዶክተሯ የድሮ ተማሪያቸው ናት፤ ከመጀመሪያ ዲግሪዋ እስከ መጨረሻው ኮትኩተው ያሳደጓት። አሁን ከጎን ባለው ጠባብ ክፍል ያንኑ የዓሣ ዘር ታረባለች። እሳቸው ማስተማር ሲገቡ ዓሣዎቻቸውን የምትመግበውም እሷ ስለሆነች ቁልፍ አላት።

ታዲያ አንድ ቀን ለትምህርት ክፍሉ ሰፋ ያለ ክፍል ይሰጠኝ ብላ አመለከተች። በምድር ቤቱ ደግሞ ከፕሮፌሰሩ በቀር ሰፊ ክፍል ያለው የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርስ ነከሱባት።

ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ወለሉ ላይ ውሃ ፈሷል። መረባቸውም እርጥብ ነው። ልባቸው ድንግጥ ብሎ ዓሣዎቹን ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። እንዲያውም ጭራው የተቀደደው ወንዱ ዓሣ ጭራው ድኖ አገኙት። «ለካ ቁስልም ያሽራል» አሉና ደስ ብሏቸው ሲያፏጩ ዋሉ። ውሃው ትዝ ያላቸው ማታ እራት ላይ ነው።

ዶክተሯ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤታቸውን ልትጠይቅ ትመጣለች። «እትዬ» እያለች አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ፕሮፌሰሩ ብቅ ሲሉ ወሬው ይቋረጣል።

«ምን ትልሻለች?» አሉ አንድ ቅዳሜ፣ ዶክተሯ ከወጣች በኋላ።

«የሴት ወሬ ነው። አንተን ምን አገባህ?»

«ክፍሌን ልትነጥቀኝ ነው። ዓሣዎቼን ትፈጅና ‹አበቃለት› ታሰኘኛለች። ዓሣዎቹ አለቁ ማለት ደግሞ...»

ባለቤታቸው ትራሱን ተደገፉ። «ተዋት» አሉ። «እኔና አንተ ከእሷ ሌላ ልጅ የለንም።»

«ልጅ እንዲህ ያደርጋል?»

«ያደርጋል» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፕሮፌሰሩ ግን አልተዉም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄደው ነገሩት።

«ማስረጃ አለዎት?» አለ ኃላፊው። «ይኼ እኮ ከሥራ የሚያስባርር ነገር ነው። እጅዎ ላይ ያደገች ልጅ ናት።»

«ትባረር። እጅ ከፍንጅ ይዤ አመጣልሃለሁ።»

እሑድ ጠዋት ግቢው ጭር ብሎ ሳለ ሄደው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተሸሸጉ። በዚህ ዕድሜ ድብብቆሽ። ወገባቸው ይወጋቸዋል፤ ማስነጠሳቸውን በስንት መከራ ዋጡት።

ቁልፍ ተንቋቋ። ዶክተሯ ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ ገባችና በቀጥታ ወደ ግራው ገንዳ ሄደች። መረቡን አጥልቃ አወጣች። መረቡ ላይ አንድ ዓሣ ድርቅ ብሏል። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ባልዲውን ከፍታ አንድ የሚንፈራገጥ ዓሣ አወጣችና ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲመራመሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ያዩት ነገር ወዲያው ገባቸው። ልባቸው ግን አልቀበልም አለ።

ከተሸሸጉበት ወጡ። ዶክተሯ ባልዲውን ለቀቀችው።

«ስንተኛው ነው?»

«ጋሼ...»

«ስንተኛው ነው አልኩሽ?»

«እንጃ፣ መቁጠሩን ትቻለሁ» አለች እያለቀሰች። «ዓመት የደፈነ አንድም የለም። ከቀኞቹ እኩል ነው የሚሞቱት።»

ፕሮፌሰሩ ገንዳውን ተደገፉ። ያ ሁሉ ቁጣቸው ጥሏቸው ሄደ፤ የቀራቸው ፍርሃት ብቻ ነበር።

«እሷ እኮ ትጠጣዋለች» አሉ። «ዓሣዎቹ አሉ ስላልኳት፣ እድናለሁ ብላ፣ ያን የመረረ ነገር ጠዋትና ማታ ትጠጣዋለች። እኔን አታለልሽኝ፣ ይሁን። እሷ ምን አደረገችሽ? ለሞት የተቃረበች ሴት በውሸት ተስፋ ይቀለድባታል?»

ዶክተሯ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

«የመጀመሪያው ዓሣ ሲሞት ለእርስዎ መንገር ፈርቼ ለእትዬ ነገርኳቸው፤ ‹እንዳያውቅ ተኪው› ብለው ያስማሉኝ እሳቸው ናቸው።»