ከምጽዋ የመጣው ሣር

አምሳለ የብልቃጡን ክዳን ከፍታ ፎርማሊኑን ባልዲው ውስጥ ልትደፋ ስትል፣ ውስጥ ያለው ሣር ያያታል።

እጇ ባለበት ይቀራል። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ታስጠጋዋለች። የጣት ርዝመት ያለው፣ የጠወለገ ቅጠል የመሰለ ነገር ነው። አንደኛው ጫፉ ግን እንደ ዋሽንት ቀጥ ብሎ የወጣ አፍ አለው። ከአፉ በላይ ክብ ዓይን።

«እሱን አትድፊው፣ መምህር።»

ጋሼ ይሄነው ናቸው፣ የቤተ ሙከራው ንብረት ጠባቂ። ያረጁት ናሙናዎች ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንዲቀበሩ ታዟል፤ እሳቸው ጉድጓዱን ቆፍረው መመለሳቸው ነው። ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኗል።

«ዓሣ እኮ ነው፣ ጋሼ! መዝገቡ ላይ ሣር ነው የሚለው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ ዳንግላ ላይ ይሄ ዓሣ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ባሕር ኃይል ሳለሁ ምጽዋ ላይ ነው የያዝኳት። ጓደኞቼ ጣረሞት ይሏት ነበር። አየኋት ስትይ የለችም። ሁለት ሆነው ሣሩ መሀል ቆመዋል፤ ውኃው ሣሩን ሲያወዛውዘው አብረው ይወዛወዛሉ። ትልቋን በዚህ ብልቃጥ ጨለፍኳት። ትንሹ ይሸሻል ስል ተከተለኝ። ወደ ዳር ስወጣ፣ ውኃው ደረቴ ጋ ሲደርስም አለ፣ ጉልበቴ ጋ ሲደርስም አለ። አፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ። በእግሬ ገፋሁት።»

አምሳለ እየሰማች አጉሊ መነጽሩን አንስታለች። ከዓሣዋ ሆድ ሥር ሁለት ሰፋፊ ክንፎች እንደ ተጋጠሙ መዳፎች ገጥመው ከረጢት ሠርተዋል። ለተማሪዎቿ ስለ ባሕር ፈረስ ስታስተምር፣ እንቁላሉን የሚሸከመው አባትየው ነው እያለች ታስቃቸዋለች። ይቺ ግን ራሷ ናት የተሸከመችው። በክንፎቹ መሀል ጥቃቅን ዶቃዎች ታጭቀዋል። በእያንዳንዱ ዶቃ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ።



«በሦስተኛው ቀን ከዚህ ቴሌግራም መጣ» ይላሉ ጋሼ ይሄነው። «ባለቤቴ፣ የሻረግ። ምጡ ጠንቶባት። ልጁም አልተረፈም። ፈቃድ አግኝቼ ስደርስ የመቃብሯ አፈር ደርቋል። ከዚያ ያመጣሁት ይህቺኑ ብቻ ነው።»

አምሳለ መነጽሩን ቀስ ብላ ታወርደዋለች።

«ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«ሆዷ ሥር ነው ስታዪ የነበረው።»

«አሸዋ ነው፣ ጋሼ። አሸዋ ገብቶባት ነው።»

መነጽሩን ከእጇ ይወስዱታል። ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከአጥሩ ውጭ የጋሪ ፈረስ እያነጠሰ ያልፋል። ቀና አይሉም።

«አሸዋ ያያል እንዴ?»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል።

«ንገሪኝ፣ ልጄ። የተማርሽው አንቺ ነሽ። ያኔ፣ ስይዛት፣ በሕይወት ነበሩ?»

አንዴ ዋሽታቸዋለች። ሁለተኛው አልወጣ ይላታል።

«ዓይን ካወጡማ... ሊፈለፈሉ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነበር።»

ጋሼ ይሄነው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። አያለቅሱም። ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ወደ እሷ ይገፉታል።

«ቁጠሪልኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርብዎ።»

«ስንት እንደሆኑ ልወቅ። ቁጠሪ።»

በወረንጦው ጫፍ መስታወቱን እየነካች ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች። አንድ። ሁለት። የሽማግሌው ከንፈር ከእሷ ጋር ይንቀሳቀሳል። አርባ ላይ ስትደርስ ጨረስኩ ብላ ብልቃጡን በትንሹ ታዞረዋለች። ከፊተኛው ረድፍ ኋላ ሌላ ረድፍ አለ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ፤ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረዋል።