አባት የሌለው እንሰት

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ዘገየ። ስርሞሎ ለጋውን እንሰት ሳይቀር ፍቆ በላና ጓሮው ባዶ ሆነ። ከጎረቤቱ ከዘበርጋ አንድ እንሰት ከነሥሩ ተበደረ። ግንዱን ቆርጦ፣ የሥሩን ልብ ፈልፍሎ፣ ፍግ አልብሶ ቀበረው። ዝናቡ ሲመጣ ካንዱ ሥር አርባ ችግኝ ፈላ።

በዓመቱ አንዱን ችግኝ ታቅፎ ሊመልስ ሄደ።

«አርባውንም አምጣ እንጂ!» አለ ዘበርጋ። «ላሜን ባውስህ ጥጃዋን ልታስቀር ኖሯል?»

«ጥጃማ አባት አለው። ይሄ አባት የለው፣ ዘር የለው፤ ያው ሥሩ ራሱ ነው የበዛው።»

«ራሱ ከሆነማ ሁሉም የኔው ነዋ!»

ሽማግሌ ተቀመጠ። ለዘበርጋ ፈረዱለት። ስርሞሎ ችግኙን እንደታቀፈ ጓሮው ዳግም ባዶ ሲሆን ታየው።

ይሄኔ ከዳር ሆነው ሲሰሙ የነበሩት እማማ ብርዛፍ ተነሡ።

«ዘበርጋ፣ አባትህ በክፉ ቀን ከኔ አንድ ሥር ወስዶ ሳይመልስ ሞተ። ይሄ ሁሉ እንሰትህ ከዚያ የበዛ አይደለም?»

«እውነት ነው፤ እናውቃለን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ዘበርጋ ዞር ብሎ ሦስት መቶ እንሰቱን አየ።

«ኧረ እማማ! ላንድ ሥር የሚመለሰው አንድ ነው!» አለና ችግኙን ከስርሞሎ እጅ መንጭቆ አስታቀፋቸው።