ጥርስ ያለው ደረጃ

«እጅሽን አምጪ» ይሉኛል አዴ ዱርሲቱ። ግራውን እሰጣቸዋለሁ።

«ያበጠውን፣ አንቺ!»

አክስቴ ኤልሳቤት ከጎኔ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች በክርኗ ትጎስመኛለች። ቀኙን ከሹራቤ ኪስ አወጣዋለሁ። ከትናንት ወዲያ እጅ ነበር፤ አሁን ውሃ የሞሉት ጓንት ይመስላል። ጡጫ ስጨብጥ በትንሿ ጣቴ በኩል ብቅ ትል የነበረችው ጉብታ የለችም። ሰምጣለች።

አሮጊቷ አዴ ዱርሲቱ ወጌሻ ናቸው። ከሰበታ አልፎ ከተፍኪ ድረስ የተሰበረ ሁሉ ባጃጅ ተጭኖ እሳቸው ጋ ይመጣል። የሰመጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ሕመሙ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ከፋብሪካው ደረጃ ወድቄ።»

«ስትወጪ ነው ስትወርጂ?»

«መሀል ላይ።»

«መሀል ላይ!» ይላሉ። እንደ መሳቅ ያደርጋቸውና ይተዉታል።

«ወሬዋን ይተዉት፣ አዴ፤ እጇን ያድኑልኝ» ትላለች አክስቴ። «ክር የምትቋጥረው በዚህ ነው። የፈረቃ አለቃዋ ዘርሁን ሰኞ ካልገባች ሌላ ሰው እተካለሁ ብሏል። እኔም ሦስት ዓመት ከሥሩ ሠርቻለሁ፣ አውቀዋለሁ። ስንት ለምኜ ነው ያስገባኋት።»

ዘርሁን ሲባል እጄን ከአዴ መዳፍ ልስበው ይቃጣኛል። እጄን የበላው የእሱ ጥርስ ነው።

ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ካርቶን አንሺልኝ ብሎ መጋዘን አስገባኝና ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። አንድ እጁ አፌ ላይ፣ ሌላው ቀሚሴ ላይ። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ምላሴ ነበር የሚማታልኝ። አፌን ሲይዘው ጡጫዬን ሰነዘርኩ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። የእሱ መስሎኝ ነበር። ፊልም ላይ ስንቱ ሲማታ አይቻለሁ፣ መትቶ እጁን ይዞ የሚያለቅስ ግን አንድም አላየሁም።

ቤት ገብቼ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ሞጀርኩበት። ደሙም ቆመ፣ የጥርሱም ቅርጽ ተሸፈነ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

አዴ ዱርሲቱ ቅቤ በመዳፋቸው ያሟሟሉ። ጭናቸው ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃና የተተለተለ ጨርቅ ተደርድሯል። «አጥንቷ ተሰብራለች። ስቤ፣ አስተካክዬ፣ ጥብቅ አድርጌ አስራታለሁ። አሥራ አምስት ቀን አትፈታም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። «ይቺስ?»

«ጭረት ናት። ቡና አድርጌባት ነው።»

«የምን ጭረት?»

«የደረጃው።»

ቀና ብለው ያዩኛል። ዐይናቸው ደክሟል፤ ቅርብ ያለውን በጣት እንጂ በዐይን አይለዩም። ጣታቸው ግን ቁስሉ ጫፍ ላይ ቆሟል።

«ወርቁ የሚባል ጎረምሳ ነበር እዚህ ሰፈር» ይላሉ፣ የመጀመሪያውን ቀርከሃ መዳፌ ሥር እያስገቡ። «በር ነው የዘጋብኝ አለኝ። አምኜው አሰርኩት። ለካ ተደባድቦ የሰው አፍ ነው ያገኘው። የሰው አፍ የነካው ቁስል ታፍኖ ሲታሰር ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ስፈታው ጠቁሯል። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በግራው ነው የሚጨብጠኝ።» ጨርቁን አንድ ዙር ይጠመጥማሉ። «ያንቺ ደረጃ ጥርስ ነበረው?»

«አዴ ደግሞ! ጥርስ!» አክስቴ ትስቃለች። ብቻዋን።

ብናገር አክስቴ እቤት ስንገባ አትቻልም፤ ሰኞ ሥራ የለም፣ ቀጥሎ ወደ አገሬ የሚመልሰኝ የሆሳዕና አውቶቡስ ነው። ማን ነው ስትለኝስ? ዘርሁን ብላት ታምነኛለች? ዝም ብል ደግሞ ሁለተኛው ዙር ይኸው። ልቤ ደረቴ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ጨርቁ ሥር ገብቶ ይመታል።

«ሂን ሶዳቲን» ይሉኛል ዝግ ብለው። «አትፍሪ።»

ሦስተኛውን ዙር ይስቡታል። የጣቶቼ ጫፍ መደንዘዝ ይጀምራል።

«ነበረው» እላለሁ።

«ምኑ?» ትላለች አክስቴ።

«ደረጃው። ጥርስ ነበረው።» ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ሰው ነው። ያዘኝ፤ አፉን መታሁት።»

አዴ ዱርሲቱ ጨርቁን ዙር በዙር ይፈቱታል፣ ቀርከሃውን ይሰበስባሉ፣ የቅቤውን ሣህን በእግራቸው ይገፉታል። እጅጌዬን ወደ ላይ ጠቅልለው አክስቴን «እይልኝ፣ ቀይ መስመር አለ?» ይሏታል።

አለ። ከእጄ አንጓ ተነስቶ ወደ ክርኔ ይወጣል፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ። እኔም ገና ማየቴ ነው።

«እኔ ይሄን አልነካም። ጤና ጣቢያ፣ አሁኑኑ! የሰው ጥርስ ነው በሏቸው፤ ደረጃ ብትዪ እዚያም ሰፍተው ያፍኑብሻል። እጇን ከፍ አድርገሽ ያዢላት።»

ባጃጁ ውስጥ ከአክስቴ ጥፊውን እጠብቃለሁ። በአባቴ፣ ትምህርት በማቋረጤ፣ በፋብሪካው፣ በሁሉም እስክትጀምር እጠብቃለሁ። የጤና ጣቢያው አጥር ሲታይ ነው አፏን የምትከፍተው።

«ስንቴ መታሽው?»

«አንዴ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች።

«እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዴም አልመታሁትም» ትላለች።

ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ይነጥራል። እጄን በሁለት እጇ ከራሳችን በላይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ መንገዱ ደልዳላ ሲሆንም አታወርደውም።