የአስፋቸው ብስክሌት

ባሏ አስፋቸው ካረፈ ወዲህ እታፈራሁ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆናለች። በዚያ ዘመን ዕቃ ሁሉ የሚታዘዘው ለተመዘገበለት ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት ዕቃውም አብሮት ይሞታል። ምድጃው አልበራ ስላላት ወጧን ጎረቤት ወስዳ ታሞቃለች። ቁም ሣጥኑም የባሏን ጋቢ እንደያዘ ተቆልፎ ቀረ።

አንድ ቀን ጓዳውን ስታጸዳ ከጆንያ ክምር ሥር አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት አገኘች። አስፋቸው በወጣትነቱ ይወዳደርበት የነበረው ነው። እየገፋች የባሕር ዳሩ ብስክሌት ጠጋኝ ጋሽ ደምለው ዘንድ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ ይሄም የእሱን እጅ ካላገኘሁ አልሄድም ይለኝ ይሆን?» አለቻቸው።

ጋሽ ደምለው ጎንበስ ብለው የዛገውን ብረት ዳሰሱ። «ይሄ ዕቃ በእጅ መመዝገብ ሳይጀመር በፊት የተሠራ ነው፣ ልጄ። ማንንም አይለይም። ዘይትና ጎማ ካገኘ ይበቃዋል።»

እታፈራሁ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሽማግሌው ዝገቱን ፍቀው ካቴናውንና ጎማዎቹን ቀየሩ። ኮርቻውን ለቁመቷ ዝቅ ሊያደርጉ ሲሉ ግን እጃቸውን ያዘች። ኮርቻው አስፋቸው በተወው ከፍታ ላይ ነበር። ጥቂት ቆይታ ለቀቀቻቸው።

«ዝቅ ያድርጉት» አለች።

ኮርቻው ላይ ወጥታ ፔዳሉን ረገጠችው። ብስክሌቱ ሳያንገራግር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቀና ብላ የሐይቁን መንገድ ያዘች።

«የኋላው ፍሬን በቀኝ ነው!» አሉ ጋሽ ደምለው ከበስተኋላዋ።

«አውቃለሁ፤ አስፋቸው ኮርቻውን በእጁ ይዞ መንዳት ያስተማረኝ በዚሁ ነው» አለች፣ ሳትቆም።