ውሃ ቆጣቢው መቀመጫ

ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው ሰፈር፣ ሮቶው ሳምንቱ ሳይጋመስ ባዶውን ቀረ። ሰውየው ደሙ ፈላ።

"ይሄ ሽንት ቤት ነው የጨረሰን። በለቀቁት ቁጥር ባልዲ ሙሉ ውሃ ይውጣል። ውሃ ቆጣቢውን አስገባለሁ።"

"የውስጡ ጎማ አልቆ እኮ ነው የሚያፈሰው" አለች ሚስቱ። "እሱን ብናስቀይር አይበቃም?"

"ጎማው አይደለም፤ ሰው በዝቷል" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከገጠር መጥተው አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ጓዳ እንዳሉ ያውቃል። እንዲሰሙት ነበር የፈለገው። ክረምት ከበጋ እንዲህ ሲነጫነጭ አሮጊቷ አንድም ቀን ቃል ተንፍሰው አያውቁም፤ ዝምታቸው ደግሞ ይብሱን ያበግነው ነበር።

ቅዳሜ አዲሱ መቀመጫ ተተከለ።

"እንግዲህ አሁን እንደልብዎ" አለ ወደ ጓዳው፣ ጥርሱን ነክሶ።

በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ጎረቤታቸው የአማቱን ነጠላ አጥፋ ይዛ ቆማለች።

"እማማ ጠዋት እኛ ሽንት ቤት ረስተውት ሄደው ነው" አለች። "እንደ ሁልጊዜው ይምጡ፣ ምንም አይደል። ሲመሽ ብቻ ባይመጡ ጥሩ ነው፤ ውሻ እንፈታለን።"